ቀድሞ ያደማ

ናዝሬት፣ ኅዳር 6 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለገርባ ጉደታ
አቦምሳ፣ በሹፌር ደሊል እጅ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤህን ሳነብ ግን ብሽቅ አልኩና ሰላምታው ጠፋኝ። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ድምፅህ ጠፍቶ፣ ይኸው ወረቀት መጣልኝ ብዬ ተጣድፌ ብከፍተው፣ "አሥር ክብሪትና ሁለት ክንድ አቡጀዲ ላኪልኝ" ይላል። አንተ ሰውዬ! ሚስትህ ነኝ ወይስ ባለሱቅ? "እንደምን ነሽ" የሚለው እንኳ የተጻፈው መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱ ሲያልቅብህ፣ በጠርዙ ላይ ነው። ወረቀቱን አዙሬ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት፤ በዚህ ግን እንዳትኮራ።

የጠየቅከውን ልኬልሃለሁ። ክብሪቱን ከአራት ሱቅ ለቃቅሜ ነው፤ ሰሞኑን ለአንድ ሰው ከሁለትና ከሦስት በላይ አይሸጡም። አቡጀዲውን ለትራስ ልብስ ካስቀመጥኩት ቀደድኩልህ። ግን ምን ሊሆንህ ነው? አቦምሳ ክብሪት የለም? ጨርቁ ለፋሻ ከሆነ፣ ቆስለህ ከሆነ፣ አትደብቀኝ። ደሊልን ይዤ ብጠይቀው "እኔ ሥራዬ መኪና መንዳት ነው፣ እመቤት" ብሎ ሳቀብኝ። አሮጌ የመኪና ባትሪም እንዳዘዝከው ግን አፉን አዳልጦት ነግሮኛል። ባትሪ፣ ክብሪት፣ አቡጀዲ። ብደምረው ብቀንሰው አልገባኝም።

ቃላችን አሥር ቀን ነበር። ሊሞቱ ያሉትን አባትህን ልትሰናበት፣ ልትቀብር፣ ለቅሶ ልትቀመጥ፣ በአሥረኛው ቀን ልትመጣ። አባትህን ነፍሳቸውን ይማር፣ እኔም ወድጃቸው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የሞተን ሰው ወር ሙሉ አይቀብሩትም።

እዚህ የቀበሌ ሴቶች ማኅበር በየቀኑ ገብስ ያስቆላናል፤ ለምሥራቁ ግንባር በሶ ነው። ሲንጀሬ አቧራ ጠጥቷል። ሱቅህ በር ላይ ደንበኞችህ ፕሪሙሳቸውን አንጠልጥለው ይመጡና ቁልፉን አይተው ይመለሳሉ። "የጠመንጃ ሐኪም ነበር፣ ዘመን አዋርዶት የፕሪሙስ ሐኪም ሆነ" እያሉ የሚያሾፉብህ እነሱ እንኳ ናፍቀውሃል። እኔማ ተወው። አልጋው ሰፍቶኛል። አንተ የምትተኛበት በኩል ልብስ አጣጥፌ አስቀምጬ ነበር፣ ባዶ እንዳይመስለኝ፤ እሱም አልረዳኝም፣ አነሳሁት።

አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ። በወረቀት የሚጻፍ አይደለም፤ ፊትህን እያየሁ ነው የምነግርህ። ክፉ ነገር አይደለም፣ አትደንግጥ። ብቻ ና።

ባለቤትህ ዘመናይ አስፋው

◆

ከአቦምሳ በታች፣ ኅዳር 15 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለውዴ ለዘመንዬ፣

አካም ጅርታ? እኔ ደኅና ነኝ። አልቆሰልኩም። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ወደዚህ እየተመለስሽ እንድታዪው ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ክብሪት ካንቺ ስለምን በዐይንሽ እንዴት እንደምታዪኝ ይታየኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ሰላምታውን ጠርዝ ላይ የወሸቅኩት። አሁን ግን እውነቱን ካልነገርኩሽ እንደማትተኚ አውቃለሁ።

እዚህ አንበሳ ገብቷል። በመስከረም መጨረሻ ከአዋሽ ዳር ካለው ዱር ወጥቶ መጀመሪያ ጥጃ ወሰደ፤ ከዚያ የእርሻ በሬ። አባቴን በቀበርን በሳምንቱ ደግሞ ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት በላ። ሙሉዬ ትባል ነበር። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ግንባር ነው ያለው፤ እሷ ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆኗት እሱ እስካሁን አልሰማም። የላከላት ደብዳቤ ትናንት ደረሰ፤ የሚከፍተው ጠፋ።

ጎልማሳው ሁሉ ሄዷል፣ ጠመንጃውም አብሮ ሄዷል። የቀረው የገበሬ ማኅበሩ ጠባቂ የገሠሠ ምንሽር ብቻ ነው፤ አራት ጥይት አለው። ገሠሠ ጥሩ ልብ ያለው ሰው ነው፤ ግን እንኳን አንበሳ ጅብ ተኩሶ አያውቅም። ሲመሽ ከሁላችን ቀድሞ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው።

አባቴ ሊሞት ሲል ጆሮዬ ላይ ያለኝ ቃል "የእህል ጉድጓዱን ቆፍር" የሚል ነበር። ቆፈርኩ። በበሬ ቆዳ የተጠቀለለ የአያቴ ነፍጥ ወጣ። አንቺ የምታውቂው ዓይነት ጠመንጃ አይደለም፤ ጥይት አይበላም። ባሩዱን በአፈሙዙ ትጨምሪለታለሽ፣ ክቡን አረር በጨርቅ ጠቅልለሽ ታጎርሺዋለሽ፣ በዘንግ እስኪጠብቅ ትጠቀጥቂያለሽ። ባሩድ ከአባቴ ቀንድ ውስጥ አግኝቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እሳት የሚለኩስለት ካፕሱል ግን ዛሬ የትም የለም፤ በክብሪት ራስ ነው የሠራሁት። አረሩን ከባትሪው እርሳስ አቀለጥኩ። አቡጀዲው ለመጠቅለያው ነው። አየሽ፣ ለፋሻ አይደለም።

አንዴ ከተኮሱበት ደግሞ ለማጉረስ አንድ ሰው ረጋ ብሎ "አባታችን ሆይ" ደግሞ የሚጨርስበትን ያህል ይፈጃል። አንበሳው ያን አይጠብቅም። ስለዚህ ያለኝ አንድ ተኩስ ነው፤ እሱም ከአሥር እርምጃ።

ነፍጡ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ። የሚያውቁት የአባቴ የአደን ጓደኛ ኦቦ ሰንበታ፣ ደሊል፣ አሁን ደግሞ አንቺ ናችሁ። ይህን ወረቀት አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

መቼ ትመጣለህ ላልሽኝ፦ የመመለሻ ይለፌ ጊዜው አልፏል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ "የአንበሳው ነገር ሳይለይለት ወንድ የሚባል ከዚህ አይወጣም፣ ጥበቃ ይገባል" ይላል። አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላውን ግን ልዋሽሽ አልችልም። ወረቀቱን ዛሬ ቢሰጠኝም ወዲያው የምነሳ አይመስለኝም። ሴቶቹ እንስራ ይዘው ወንዙ አፋፍ ላይ ይቆሙና ወደ አባቴ ቤት ያያሉ። በዚህ ቤት ሦስት ትውልድ አንበሳ ገድሏል። እኔ ደግሞ ናዝሬት ተቀምጬ ፕሪሙስ ስነፋ ኖርኩ።

ናፍቀሽኛል። ፀሐይ ስትገባ የሲንጀርሽን ድምፅ የሰማሁ ይመስለኝና ቀና እላለሁ። ፌንጣ ነው።

በወረቀት የማይጻፈው ነገር ምንድን ነው? እናትሽ ከእኛ ጋር ልትኖር መጣች? እሱ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ከአንበሳውና ከእሷ ልምረጥ።

ያንቺው ገርባ

◆

ናዝሬት፣ ኅዳር 25 ቀን 1970 ዓ.ም.

ገርባ፣

ወረቀቱን አቃጥዬዋለሁ። አንተንም አጠገቤ ብትሆን አቃጥልህ ነበር።

በገዛ እጄ! በገዛ እጄ ለባሌ መሞቻ ክብሪት ከአራት ሱቅ እየለመንኩ ገዛሁ። "አልቆሰልኩም" ትላለህ ደግሞ። አዎ፣ ገና አልቆሰልክም። ወደዚያ መስመር እየተመለስኩ እንዳነበው ነግረኸኝ አልነበር? ሰባት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት፤ በሰባተኛው ሳለቅስ ጎረቤቴ አበባ ሰማችና ሰው ሞተ ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች።

ያቺ ሙሉዬ አሳዘነችኝ። ደብዳቤዋን የሚከፍት ጠፋ ያልከው ከሆዴ አልወጣ ብሏል። እኔ ግን እንደ አንተ ደግ አይደለሁም። የሌላ ሰው ባል ይግደለው። ይኼን ስጽፍ አላፈርኩም። ሦስት ትውልድ ገደለ አልክ፤ ይበቃል፣ አራተኛው ፕሪሙስ ይንፋ፣ ምን ነውር አለው? የምትነፋው ፕሪሙስ ራቴን አብስሎልኛል፤ አንበሳ የገደለ ሰው ራት ሲያበስል አላየሁም።

በወረቀት አልጽፈውም ያልኩህን እንግዲህ ልጻፈው። ፊትህን እያየሁ ልነግርህ፣ እንዴት እንደምትሆን ላየው ነበር ምኞቴ፤ ነጠቅከኝ። ገርባዬ፣ ሆዴ ውስጥ ልጅ አለ። ሲስተር ሙሉብርሃን ክሊኒክ ሄጄ አይታኛለች፤ ሦስት ወር አልፎታል ብላለች። አንተ ስትሄድ ጠርጥሬ ነበር። እንደ አምናው እንዳይሆንብን፣ ደስ ብሎህ ደግሞ እንዳታዝን ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ጠንክሯል አለችኝ። ከባድ ነገር አታንሺ፣ አትናደጂ አለችኝ። አትናደጂ! አንተን ስለማታውቅህ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው "ምነው?" ሲለን ኖረን፣ አንተ አንድ ቀን እንኳ ፊትህን ሳታጠቁርብኝ፣ አሁን ሲሰጠን እኔ ብቻዬን የማሳድገው ነው?

ይህን መንገሬ ጥሩ አድርጌ እንደሆነ አላውቅም። እጅህን አስፈራብህ ይሆናል። ባልነግርህና ብትሞት ግን ሳታውቅ ትሞታለህ፤ እሱን አልቻልኩትም። ነፍጡን ወደ ጉድጓዱ መልሰው። የሊቀመንበሩን እግር ስመህም ቢሆን ማኅተሙን አስመታና ና።

ዘመናይ

◆

ከአቦምሳ በታች፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለዘመንዬ፣ ለልጄ እናት፣

ይህን ሁለት ቃል ብቻ ጽፌ ሦስት ወረቀት ፈጀሁ። ለምን ዘገየህ ካልሽኝ ለዚህ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነበር። ኦቦ ሰንበታ አጠገቤ ተቀምጠው "ምን ሆንክ? ማን ሞተ?" ሲሉኝ ወደ ደብዳቤሽ ጠቆምኩ። ወረቀቱን ብዘረጋላቸው ማንበብ አይችሉም። በመጨረሻ በእጄ ሆዴ ላይ ክብ ሠርቼ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ቁርጠት መስሏቸው ነበር። ሲገባቸው እንደ ጎረምሳ ዘለው አነቁኝ። አንቺ ማየት የፈለግሽውን ፊቴን እሳቸው አዩት፤ ይቅርታ። ስመጣ እንደገና እደነግጥልሻለሁ።

አሁን ስላልታዘዝኩሽ። ሐሙስ ጠዋት ተኩሻለሁ። እንዴት እንደሆነ አልዘረዝርልሽም፤ ሲስተር አትናደጂ ብላሻለች። ዘጠኝ እርምጃ ነበር። ልቡን አልሜ ትከሻውን አገኘሁ። እጄ ለምን ዝቅ እንዳለ አልነግርሽም፣ አንቺም እንዳትጠይቂኝ፣ በፍጹምም እንዳትጸጸቺ። ጢሱ ሳይገልጥ ግራር ላይ ነበርኩ። እሾሁን ኦቦ ሰንበታ እስከ ማታ ሲነቅሉልኝ ዋሉ። ቀኝ እጄን ባሩድ ትንሽ ለብልቦኛል፤ ጽሑፌ የተንጋደደው ስለዚህ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

በማግሥቱ ገሠሠ ዱካውን ተከትሎ ወንዝ ዳር አቃስቶ ተኝቶ አገኘውና በሁለት ጥይት ጨረሰው። አገሩ እልል አለ። ቆዳውን የገፈፉት ኦቦ ሰንበታ ናቸው፤ አረሬን ከትከሻው አውጥተው ማንም ሳያይ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውታል።

አንቺ የሸዋ ልጅ ስለሆንሽ ይኼ እንግዳ ሊሆንብሽ ይችላል። እዚህ፣ በእኛ ወግ፣ አውሬውን የጨረሰ ሰው ገዳይ አይባልም። ገዳዩ ቀድሞ ያደማው ነው። ጭረትም ብትሆን ደም ካፈሰሰች ግዳዩ የእሱ ነው፣ ሌላው ሰው ረዳት ነው። ስሙ ይዘፈንለታል፣ ከሽማግሌ ጋር ይቀመጣል፣ የሚወለደው ልጅ እስኪያረጅ የአንበሳ ገዳይ ልጅ እየተባለ ይጠራል። ልጅ እያልኩ ስጽፍ ልቤ እንዴት እንደሚመታ ብታውቂ።

ታኅሣሥ 30 ከላይ አንድ ባለሥልጣን ይመጣሉ። ቆዳው ይታያል፣ ለገሠሠ ሽልማት ይሰጣል። ያን ዕለት በወጉ መሠረት ሽማግሌ ተነስቶ "ደሙ የማን ነው?" ብሎ በሕዝብ ፊት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። "የኔ ነው" ካልኩ ነፍጡም የኔ ነው። ዝም ካልኩ በማግሥቱ ይለፌን ይዤ እወጣለሁ፤ ሊቀመንበሩ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ማንም አይሄድም ብሎ ለማግሥቱ ቃል ገብቷል። ገሠሠ ራሱ ፊቴን ማየት አቅቶታል። በሁለት ጥይቱ መካከል የነፍጥ ቀዳዳ እንዳለ ያያል፣ ያውቃል።

ዘመንዬ፣ ምን ላድርግ? ልጁ ከመወለዱ በፊት አባቱን ላዋርደው?

ገርባ

◆

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1970 ዓ.ም.

ገርባዬ፣

እሰይ! እሰይ! በሕይወት አለህ። ሌላውን ሁሉ በኋላ እቆጣሃለሁ።

ምን ላድርግ ብለህ ጠይቀኸኛል፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምክር ስትጠይቀኝ ሁለተኛ ጊዜህ ነው። መጀመሪያው የሱቁን በር አረንጓዴ ልቀባው ወይስ ሰማያዊ ያልከኝ ነው፤ ሰማያዊ ብዬህ አረንጓዴ ቀባኸው። ይኼኛውን ግን በእግዜር እለምንሃለሁ፣ እንደነገርኩህ አድርግ።

ዝም በል።

ሦስት ጊዜ ቢጠይቁህ ሦስት ጊዜ ዝም በል። ካስገደዱህ "የኔ አይደለም" በል። ገሠሠ ይውሰደው። ሽልማቱንም፣ ስሙንም፣ ዘፈኑንም ይውሰድ። እኔ ልጄ የአንበሳ ገዳይ ልጅ እንዲባል አልፈልግም፤ የገርባ ልጅ ተብሎ ገርባ ጉልበት ላይ ይቀመጥልኝ። ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ዘፈን ላይ አይቀመጥም።

እንደሚከብድህ አውቃለሁ። የማላውቅ አይምሰልህ። የሱቅህን "የጠመንጃ ጥገና" የሚለውን ጽሑፍ በራስህ ብሩሽ ያጠፋህ ዕለት ምሳህን ሳትበላ ወጥተህ እስኪመሽ በእግርህ ስትዞር የዋልከውን አልረሳሁም። ይኼኛው ከዚያ ይብሳል። ግን እኔ እያወቅኩልህ ምን ጎደለህ? ማን እንዳደማው እኔ አውቃለሁ። ልጁም ሲያድግ በሩን ዘግቼ እነግረዋለሁ። ሁለት ሰው ካወቀ አይበቃህም?

ጥር አንድ ቀን ደሊል ጠዋት ይነሳል። ከጎኑ ያለውን ወንበር ለአንተ እንዲይዝልህ አስምዬዋለሁ። ዶሮ ገዝቼ ግቢ ውስጥ አስሬያታለሁ፤ እያየችኝ ነው፣ እኔም እያየኋት ነው። አንተ እስክትመጣ ነው ዕድሜዋ።

ሆዴ መታየት ጀምሯል። አስፍቼ ቀሚስ ሰፋሁ። በሲንጀሩ ነው፣ አቧራውን ጠርጌ።

ዝም በልልኝ፣ እሺ?

ዘመናይህ

◆

ወለንጪቲ፣ ጥር 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

ዘመንዬ፣

ታዝዤሽ ነበር። ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ።

ጥር አንድ ደሊል ያለ እኔ ሲመጣ ምን እንደሆንሽ እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። ወረቀት እንኳ ከልክለውኝ ነበር፤ ይህን የምጽፈው አንድ ሐብሐብ የሚሸጡ እናት በሰጡኝ የስኳር ወረቀት ላይ ነው። ለአንቺ ሊያደርሱልኝ ቃል ገብተዋል።

ሽማግሌው ተነስተው "ደሙ የማን ነው?" ሲሉ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲሉ ዝም አልኩ፤ ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። ሦስተኛ ላይ ሽማግሌው በስሜ ጠሩኝ። "ገርባ ጉደታ፣ ያንተ ነው?" አሉኝ። "የኔ አይደለም" አልኩ። በአፌ አልኩት፣ ዘመንዬ። አባቴ በተቀበረበት አፈር ላይ ቆሜ አልኩት። ያኔ አንቺንና የሠራሽውን ሰፊ ቀሚስ እያሰብኩ ነበር፤ እንዲህ ከሆነ ይሁን አልኩ። ካኪ የለበሱት ባለሥልጣን ሽልማቱን ለገሠሠ ሊሰጡ እጃቸውን ዘረጉ።

ኦቦ ሰንበታ ተነሱ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ምርኩዛቸውን ጥለው ነው የተነሱት። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው አረሩን ለሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳዩና "ደሙ የገርባ ነው! እኔ ነኝ ከትከሻው ያወጣሁት! የጉደታ ልጅ አፍሮ ነው እንጂ የእሱ ነው!" ብለው ጮኹ። ሴቶቹ እልል አሉ። ገሠሠ ምንሽሩን መሬት ላይ አስቀምጦ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ፣ "ተገላገልኩ" አለኝ። ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ልዋሽሽ አልችልም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ባለሥልጣኑ አረሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና "ይህን የተኮሰው መሣሪያ የት አለ?" አሉ።

እልልታው ሲቆም ሰማሁት።

ባለሥልጣኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ነፍጡን አስመጥተው ሲያዩት ሳቁ። ክብሪቱን ማን እንደዚህ አድርጎ እንደሠራው ጠየቁኝ። "ጠመንጃ ጠጋኝ ነህ?" አሉኝ። ነበርኩ አልኩ። "ምሥራቅ ብዙ የተሰበረ ጠመንጃ አለ። ወይ እዚያ ትሄዳለህ፣ ወይ ትታሰራለህ" አሉኝ። ከእስር ቤት የሚመለሰውን ቆጠርኩ፣ ከግንባር የሚመለሰውን ቆጠርኩ። የትኛው እንደሚበዛ አላወቅኩም። በሥራ ላይ ያለ ሰው ቶሎ ይመለስ ይሆናል ብዬ መረጥኩ።

አሁን ወለንጪቲ ቆመን ጎማ እየቀየሩ ነው። ናዝሬት ከዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም። የእኛን ከተማ አቧራ ጫማቸው ላይ ይዘው የመጡ ሰዎች በአጠገቤ ያልፋሉ። የመኪናችን አፍንጫ ግን ወደ መተሐራ ዞሯል። ውረዱ አላሉንም። አንዱን ወታደር "ሚስቴ እዚህ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት" ብለው "የኔም ጎጃም ናት" አለኝ።

በኦቦ ሰንበታ አትፍረጂ። መኪናው ላይ ስወጣ ለምን ሰው እንደማያጨበጭብ አልገባቸውም ነበር። ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸውን አየሁት።

ልጁን እኔ ሳልመጣ ስም አታውጪለት።

ጎማው ተቀይሮ አለቀ።

ገርባ

◆

ናዝሬት፣ የካቲት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ገርባዬ፣

ይህን የት ብዬ እንደምልከው አላውቅም። ደሊል ድሬዳዋ የሚመላለስ ጓደኛ አለኝ ብሎ ተቀብሎኛል፤ እሱ ለሌላ፣ ሌላው ለሌላ ይሰጠዋል። ባይደርስህም ልጻፈው፣ አለበለዚያ ልፈነዳ ነው።

ሐብሐብ የሚሸጡት እናት ቃላቸውን ጠብቀዋል። በማግሥቱ ጠዋት መጡ፣ ወረቀቱን ሰጡኝ። ሲስተር ሙሉብርሃን የከለከለችኝን ሁሉ አድርጌ፣ ሮጬ፣ አውቶቡስ ላይ ተጋፍቼ፣ ወለንጪቲ ደረስኩ። ምን ልሠራ እንደሄድኩ አትጠይቀኝ። ትናንት የሄደ መኪና ዛሬ እንደማይገኝ አጥቼው አይደለም። ሴትየዋ የቆምክበትን አሳዩኝ። የተቀየረው ጎማ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ መንገድ ዳር ተጥሏል። እሱ ላይ ተቀመጥኩና እስክጠግብ አለቀስኩ። ከዚያ ሐብሐብ አበሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ትልቅ ቅል ታቅፋለች። "ሰንበታ እባላለሁ" አሉኝ። ገርባ፣ አትፍረጂ ብለኸኝ ነበር። ፈረድኩ። በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። በውስጥ ሆኜ ያልኩትን ብትሰማ በሽማግሌ ፊት የማይባል ነው፤ አበባ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። "ባሌን ሸጣችሁት ደግሞ ልታስለቅሱኝ መጣችሁ?" አልኳቸው። መቀመጫ እንኳ አልሰጠኋቸውም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ሲለምኗቸውም አልሄዱም።

በዘጠኝ ሰዓት በበሩ ቀዳዳ በኩል ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ዝም ብዬ ቢሆን ባልሽ ዛሬ ቤቱ ነበር። አውቃለሁ። እንቅልፍ ካጣሁ ይኸው ወር ሊሞላኝ ነው። ግን 'የኔ አይደለም' ሲል አጠገቡ ነበርኩ፤ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም። አልቻልኩም።"

እኔ ነኝ እንዲያ በል ያልኩህ። ደብዳቤው ላይ እየቀለድኩ፣ ስለ በር ቀለም እየጻፍኩ ነው ያልኩህ። እሳቸው ያዩትን ፊት እኔ አላየሁም፤ ወረቀት ፊት አያሳይም። አሁንም ቢሆን ዝም በል እልህ ነበር፣ ልዋሽህ አልችልም። ግን በሩን ከፈትኩት።

ለምን እንደመጡ ያኔ ነገሩኝ። ገዳዩ ከሌለ ክብሩን የምትቀበለው ሚስቱ ናት አሉኝ። ቅሉ ውስጥ ያለው ቅቤ ነው፤ በሬዋ የተበላባት፣ ጥጃዋ የተወሰደባት፣ የሙሉዬም እናት፣ ከየቤቱ ያዋጡት። ግቢያችን መሀል፣ ዶሮዋ አጠገብ (አልታረደችም፣ ከብዳለች)፣ ቁጭ አደረጉኝና በአናቴ ላይ አፈሰሱት። የናዝሬት ሴት ነኝ፣ ፀጉሬን በካውያ የምሠራ! በአንገቴ፣ በጀርባዬ፣ በሰፊው ቀሚሴ ወረደ። ኦቦ ሰንበታ ስምህን እየጠሩ ዘፈኑ። ድምፃቸው ያስቀይማል። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ፣ ያፈርኩ መስሎኝ ቀና ብል ለካ አላፈርኩም። የማንም አይደለም፣ የኔ ባል ነው ያደማው ብዬ ልጮኽ ደርሼ ነበር።

ሲጨርሱ ያን ጉድ ነገሩኝ። ገዳዩ መጥቶ በገዛ እጁ አናቷን ሳይነካ ሚስቲቱ ቅቤውን አትታጠብም አሉኝ። ስንት ቀን ብላቸው ኦቦ ሰንበታ ባዶውን ቅል አንስተው ለሴቶቹ አቀበሉ።

ይኸው ሰባት ቀኔ ነው። ትራሴ አልቋል፣ ሦስት ሻሽ ጨርሻለሁ። ዝንቡ ከቤት እስከ ቀበሌ ይሸኘኛል። ሲስተር ሙሉብርሃን ስትመረምረኝ መስኮት ትከፍታለች። ሴቶቹ "ታጠቢ፣ ማን ያይሻል?" ይሉኛል። ልጁ ትናንት ጠዋት መጀመሪያ ጊዜ ረገጠኝ፤ ከሽታው ሊሸሽ ይሆናል።

አልታጠብኩም። አልታጠብምም። እጅህን ይዘህ ቶሎ ና፤ ገርባዬ፣ በጣም ሸትቻለሁ።

ዘመናይህ